ፎቶውን ከመሸጣችሁ በፊት ሂሳቡን ጻፉ

ሰሞኑን ሦስት አራት ወጣቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። የዱር እንስሳት ፎቶ ያነሳሉ። ሸጠው ገንዘቡን ሊጠፉ ለተቃረቡ እንስሳት ጥበቃ መስጠት ይፈልጋሉ። የሚጠይቁኝ ግን ስለ ሌንስ ነው። ልጆች፣ ሌንሱን ለጊዜው ተዉት፣ ያላችሁ ይበቃል። እኔን በዚህ ሥራ ያሳፈረችኝ አንዲት ቃል ናት።

የመጀመሪያ ሽያጬን ሳዘጋጅ «ገቢው ሙሉ በሙሉ ለእንስሳቱ» ብዬ ጻፍኩ። በደስታ ነው የጻፍኩት፣ ብዙም ሳላስብ። ከዚያ ሂሳቡ መጣ። የማተሚያው፣ የወረቀቱ፣ የካርቶን ቱቦው፣ የመላኪያው፣ ባንኩ የሚቆርጠው፣ በዚያ ላይ ሁለት ፎቶዎች መንገድ ላይ ተጨማደው ተመለሱና እንደገና ማሳተም ነበረብኝ። ሁሉም ሲቀነስ የተረፈው ከግማሽ በታች ሆነ። በልቤ የነበረው «ትርፉ» ነው፣ በእጄ የጻፍኩት «ገቢው»። ገዢ ደግሞ ልቤን አያነብም። ልዩነቱን ከኪሴ ሞላሁ፣ ወራት ፈጀብኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት አውጡ። አንድ ፎቶ ሲሸጥ ማተሚያ ቤቱ ስንት ይወስዳል? መላኪያውን ማን ይችላል? ለጥበቃው ስንት ይደርሳል፣ መቼስ ይደርሳል? ለራሳችሁ የምታስቀሩት ካለ እሱንም ጻፉት። ፎቶ አንሺም ይበላል፣ ይሄ ማንንም አያስከፋም። ሰው የሚከፋው በኋላ ከሌላ አፍ ሲሰማው ነው። የምትረዱትን ድርጅትም ስሙን ከመጠቀማችሁ በፊት ጠይቁት፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

«በፎቶ ሽያጭ ምን ያህል ይገኛል?» ለምትሉኝ፣ በፈረንጆቹ 2020ን አስታውሱ። ኮቪድ ጉዞን ሲዘጋ ፓርኮች የጎብኚ ገቢያቸው ደረቀ። የጠባቂዎች ደመወዝ ግን ወር በመጣ ቁጥር ይፈለጋል። ያኔ ሁለት ፎቶ አንሺዎች፣ ማሪዮን ፓይር እና ፒ ኤርትስ፣ «ፕሪንትስ ፎር ዋይልድላይፍ» የሚል ሽያጭ ጀመሩ። ከመቶ በላይ ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ለገሱ። በ30 ቀን ውስጥ ከ6,500 በላይ ህትመት ተሸጠ፣ ከ660,000 ዶላር በላይም በአፍሪካ ብዙ ፓርኮችን ለሚያስተዳድረው «አፍሪካን ፓርክስ» ተሰበሰበ። እናንተ ብቻችሁን እዚያ አትደርሱም። እኔም አልደረስኩም። ግን እዚያም ቢሆን ድምሩ የመጣው ከአንድ ውድ ሥዕል ሳይሆን ተራ ሰው ሊገዛቸው ከሚችሉ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ነው።

የቱን ፎቶ እንሽጥ ለሚለው ደግሞ፣ ላይክ አያታልላችሁ። ያደነውን በጥርሱ የያዘ ነብር ነበረኝ፣ አይቶ ያላደነቀኝ ሰው የለም። የገዙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ልሰርዛቸው ምንም ያልቀረኝ፣ ከኋላቸው ያነሳኋቸው ጭጋግ ውስጥ የሚገቡ ዝሆኖች ግን አለቁ። ሰው ደም እያየ ቁርስ መብላት አይፈልግም፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ሐዘን ግን ሌላ ነው። የሱዳንን ፎቶ ታውቁታላችሁ፣ የመጨረሻውን ወንድ ሰሜናዊ ነጭ አውራሪስ። ኬንያ ውስጥ በኦል ፔጄታ የእንስሳት ጥበቃ ሥፍራ በመጋቢት 2018 (በፈረንጆቹ) ሲሞት፣ ፎቶ አንሺዋ አሚ ቪታሌ ያነሳችው ጠባቂው ግንባሩን እንስሳው ላይ አስደግፎ ሲሰናበተው ነው። ከዚያ የአውራሪስ ዘር የቀሩት ናጂን እና ልጇ ፋቱ ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ሴቶች። ቪታሌ ያን ፎቶ ያገኘችው በዕድል እንዳይመስላችሁ፣ ሱዳንን መከታተል የጀመረችው በ2009 ነው። እኔ ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ጠባቂው እጅ ነው።

ህትመት ላይ ሁላችሁም አንድ ስህተት ትሠራላችሁ። ስክሪን ከውስጡ ያበራል፣ ወረቀት አያበራም። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያማረው ጥላ ሲታተም ጥቀርሻ ይሆናል። አንድ ትንሽ ናሙና አሳትሙ፣ መስኮት አጠገብ ይዛችሁ እዩት፣ ከዚያ አስተካክሉ። ከ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የወጣ ሙሉ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው) 50 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ይሰጣችኋል። ግማሹን ቆርጣችሁ ከጣላችሁ በኋላ ያንኑ ስፋት አትጠብቁ። «25 ቅጂ ብቻ» ካላችሁ ደግሞ 25 ነው። መጠኑን ቀይሮ ሌላ 25 ማውጣት ያው ማታለል ነው፣ ይህን የሚያደርጉ ትልልቅ ሰዎች መኖራቸውም አያጽናናኝም።

አሁን ቆጣ ልበል። የአውራሪስ ፎቶ ከእነ ጂፒኤሱ የሚለጥፍ ሰው አለ! ቀንድ ፈላጊውም እኮ ስልክ አለው። ከፋይሉ ላይ የቦታውን መረጃ አጥፉ፣ በጽሑፉም ላይ የፓርኩን ስም ካነሳችሁ ቀንና ጥግ አትጨምሩ፣ ከጀርባ በቀላሉ የሚታወቅ ኮረብታ ካለም ፎቶውን ለጥቂት ወራት አቆዩት። ሥጋ አስቀምጦ እንስሳ መጥራት፣ የወፍ ጎጆ አጠገብ ቅርንጫፍ መስበር፣ ይሄን ሁሉ ያደረገ ሰው ለጥበቃ ገንዘብ ሲሰበስብ ሳይ ምን እንደምል አላውቅም። እኔም በወጣትነቴ አንዲት ወፍ ከእንቁላሏ ላይ አስነስቻለሁ። ፎቶውም ጥሩ ወጣ። ሸጬው አላውቅም፣ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ሽያጩ ሲያልቅ ለገዢዎቹ ጻፉላቸው። ስንት ተሸጠ፣ ስንት ወጪ ሆነ፣ ስንት ገባ፣ የድርጅቱ ደረሰኝ ፎቶ ከሥሩ። አንድ ገጽ ይበቃል። እኔ ከዚያ ከመጀመሪያው ጣጣ በኋላ እንዲህ ጽፌ ብልክ አንዲት ገዢ ብቻ ናት መልስ የሰጠችኝ፣ እሷም ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አላነሳችም። «ቱቦው ሰፊ ነው፣ ፎቶው ውስጡ እየተንከባለለ ጠርዙ ተጎድቷል» አለችኝ። ሌላ ቅጂ ላኩላት፣ በጠባብ ቱቦ።