በግቢያችንና በማሳችን ስለምናነደው እሳት፦ ጥያቄና መልስ

ጥር ከገባ ወዲህ ጭሱ በዝቷል። አንዱ የግቢውን ቅጠል፣ ሌላው የማሳውን አገዳ ያነዳል። ብዙ ዓመት በግብርና ሥራ ላይ ስለቆየሁ ሰው ሁሌ ስለዚህ ይጠይቀኛል። ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግቢው የራሴ ነው፣ ካርታም አለኝ። የገዛ ቅጠሌን ባቃጥል ማን ያገባዋል?

ጎረቤትህን ያገባዋል። ይህን ከራሴ ያመጣሁት አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ላይ ተጽፏል። ባለንብረት ጎረቤቱን ማወክም መጉዳትም የለበትም ይላል። ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸትና መጥፎ ሽታንም በስም ጠርቶ ይከለክላል። ደስ የሚለኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታም ይታያል ይላል። ገጠር ውስጥ፣ ቤትና ቤት በተራራቀበት፣ አንድ ጉብታ ቅጠል ቢጨስ ማንም ቅር አይለውም። ያው ቅጠል ልብስ በተሰጣበት፣ አስም ያለባት ልጅ በተኛችበት መስኮት ሥር ሲጨስ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አጥሩን ተሻግረህ አንኳኳ። «ዛሬ ቅጠል ላቃጥል ነው» ብትል ግማሹ ጠብ እዚያው ያልቃል።

ከተማ ውስጥ ከሆንክ ደግሞ የደረቅ ቆሻሻ ደንብም አለ። ከተማ ከከተማ ስለሚለያይ ክብሪት ከመጫርህ በፊት ወረዳህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ህዳር 12 ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ ያጨሳል። እናቴ «ህዳር ካልታጠነ በሽታ ይገባል» ትላለች። ልከልክላት?

እህቴ፣ እናትሽን አትከልክያት። እሷ የያዘችው ትልቅ ትዝታ ነው። በህዳር 1911 ዓ.ም. የዓለምን ሕዝብ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሰው በየቤቱ ረገፈ፤ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ። የህዳር በሽታ የምንለው እሱን ነው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ህዳር ሲታጠን ሰፈሩን ጠርጎ ቆሻሻን ከቤት ማስወጣት የዚያ መከራ ማስታወሻ ሆኖ ቀረ።

ችግሩ ክምሩ ውስጥ የሚገባው ነገር መለወጡ ነው። ያኔ ቅጠል፣ ገለባና ጨርቅ ነበር። ዛሬ ፌስታል፣ የውሃ ላስቲክ፣ አሮጌ ጫማና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ባለፈው ህዳር አንድ ሰፈር ውስጥ የሚጨስ ክምር በእንጨት ገልብጬ አየሁ። ከላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፣ ከሥሩ የሕፃን ዳይፐርና የቀለጠ ጀሪካን። ልጆች ዙሪያውን ይዘላሉ። ፕላስቲክ፣ በተለይ የሽቦ ሽፋንና የቧንቧ ዓይነቱ፣ በእንዲህ ያለ ደካማ እሳት ሲነድ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ይህ መርዝ ከአፈር ወደ ሳር፣ ከሳር ወደ ወተት ይሄዳል። ሰውነት ውስጥ ከገባም ለዓመታት አይወጣም።

እናትሽን «እማዬ፣ መጥረጉን እኔ ላግዝሽ» በያት። ፌስታሉንና ላስቲኩን ለይተሽ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጪ። ከዚያ ትንሽ ደረቅ ቅጠል ታጢስ። ወይራም ጨምሩበት።

ጥያቄ፦ የበቆሎ አገዳ ማሳዬን ሞልቶታል። አቃጥዬ ባርስ አይቀልም ወይ?

ለማረስ ይቀላል። ኪስህን ግን ይጎዳል። አገዳው ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል። በዩሪያ ማዳበሪያ መልክ በውድ የምትገዛው ያንኑ ናይትሮጅን ነው። አመዱ ላይ የሚቀረውን ፖታሽየም ደግሞ ወይ ነፋስ ይወስደዋል ወይ የመጀመሪያው ዝናብ ያጥበዋል። ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል መሬት ውሃ መያዝም ያቅተዋል።

ይልቅ መጀመሪያ ከብቶቹን ልቀቅበት። የተረፈውን ጉድጓድ ቆፍረህ ከእበትና ከእርጥብ ሳር ጋር ደራርበው፣ ውሃ አርከፍክፍበት፣ በአፈር ሸፍነው። በየሦስት ሳምንቱ ብታገላብጠው በሦስትና በአራት ወር ብስባሽ ይሆናል። ቆረቆንዳው ለማገዶ ይሁን።

እሳቱም ሌላ ጣጣ አለው። አንድ የካቲት ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። አርሶ አደሩ አገዳውን በ7 ሰዓት አቀጣጠለ፣ ነፋሱ በሚበረታበት ሰዓት። የጎረቤቱ የጭድ ክምር ከድንበሩ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። አዋራ የሚያሽከረክረው ነፋስ አንድ የሚነድ ቅጠል አንስቶ ክምሩ አናት ላይ አኖረው። እኔ ስደርስ ከላይ ውሃ ይደፉበታል፣ እሱ ግን ከውስጥ ይነዳል። በሬዎቹ በረት ቆመው ያያሉ። እስከ ክረምት የሚበሉት ያ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ አቃጣዩ ጭድ ገዝቶ እንዲተካ ተወሰነ። ጭድ ግን በዚያ ወር ከየት ይገኛል?

የግድ ማቃጠል ካለብህ ነፋሱ ረገብ ሲል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ አድርገው። ጠዋት የለኮስከው ፍም ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ይቀሰቀሳል። ዙሪያውን እስከ አፈሩ ድረስ ጥረግ። ክምሩን ትንሽ ትንሽ አድርገው። የንብ ቀፎና የመብራት መስመር ከቅርብ ካለ ተወው። አመዱን በእጅህ ነክተህ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አትሂድ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። ጓሮዬ ውስጥ ቅጠል ባቃጥል ችግር አለው?

አለው። በቨርጂኒያ ሕግ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30፣ ከጫካ ወይም ከደረቅ ሳር 300 ጫማ ባልራቀ ቦታ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማቃጠል ክልክል ነው። ምክንያቱ ከላይ ለአገዳው ባለቤት ካልኩት ጋር አንድ ነው፤ ወደ ማምሻው ነፋሱ ይቀንሳል፣ እርጥበቱ ይጨምራል። ካውንቲህ ከዚህም አጥብቆ ሊከለክል ስለሚችል ደውለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ሊቃጠል የሚገባው ነገር የለም ማለትዎ ነው?

አለ እንጂ! አቀንጭራ የሚባለው አረም አንዱ ነው። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ዘር ሳትይዝ ንቀሏት። ከያዘች ግን ማሳው ዳር ጥላችሁ እንዳትሄዱ፤ ሰብስባችሁ አቃጥሏት። ቅንጨ አረምም እንደዚሁ። እሱን ስትነቅሉ እጃችሁን ሸፍኑ፣ ቆዳ ያሳክካል። በበሽታ የተመታ ቅርንጫፍም ብስባሽ ውስጥ ከሚገባ ቢቃጠል ይሻላል።

ጥያቄ፦ አመዱን ጓሮዬ ብበትነውስ?

እንደ ጎጃምና ወለጋ አፈሩ አሲዳማ በሆነበት አገር ይጠቅማል። ስስ አድርገህ በትን። ፕላስቲክ የነደደበትን አመድ ግን ጎመን አጠገብ አታድርስ።

ጥያቄ፦ የፀረ ተባይ መድኃኒት ጠርሙስስ?

በፍጹም አይቃጠልም። ሦስቴ አለቅልቀህ፣ ውሃውን የምትረጨው ላይ ጨምረህ፣ ማንም ውሃ እንዳይቀዳበት ብሳው። የት እንደምታስረክብ የቀበሌህን የግብርና ባለሙያ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ መሬታችን ከደን ጋር ይዋሰናል። አዲስ ሳር እንዲበቅል አሮጌውን ብናቃጥልስ?

እባካችሁ አታድርጉት። በ1992 ባሌና ቦረና ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን ነድዷል። በሚያዝያ 2011 ሰሜን ተራሮች ሲነድ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነው የታገዘው። ዋልያ እዚያ እንጂ ሌላ የትም የለም። ሕጉም ቀላል አይደለም፤ ደን ላይ እሳት መልቀቅ ከባድ ወንጀል ነው። «ሳሩን እንጂ ደኑን አላልኩም» ማለት ብቻውን አያድንም፤ በቸልተኝነት የተነሳ እሳትም ያስጠይቃል።

ጥያቄ፦ እሳቱ ካመለጠኝስ?

ብቻህን አትታገለው። ይሉኝታ ይዞህ ዝም አትበል፤ ጩኸህ ሰው ጥራ። አዲስ አበባ ከሆንክ 939 ደውል። ገጠር ከሆንክ እሳቱን ከነፋሱ ፊት ቆመህ አትግጠመው፤ ከጎኑ በእርጥብ ቅርንጫፍ እየመታህ፣ አፈር እየበተንክ አጥብበው። ሕፃናትና ከብት ነፋሱ እሳቱን ከሚነዳበት አቅጣጫ አስቀድመው ይውጡ።