መልስ፦ የግል ድርጅቶች ሳይገደዱ ዓለም አቀፉን የሂሳብ ደረጃ ስለሚመርጡበት ምክንያት

ጤና ይስጥልኝ። አክሲዮኑን ለሕዝብ የማይሸጥ ድርጅት ማንም ሳያስገድደው ለምን ወደ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የሂሳብ መግለጫ አቀራረብ ደረጃ) እንደሚገባ ጠይቀዋል። በአገራችን ስለ ሂሳብ መግለጫ አቀራረብ በወጣው አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ጉዳዩ በአብዛኛው የግዴታ እንጂ የፈቃድ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ግዴታው የተጣለው በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች በሚያቀርቡት የተጠቃለለ ሂሳብ (የእናት ኩባንያውንና በሥሩ ያሉትን ድርጅቶች እንደ አንድ በሚያሳየው) ላይ ሲሆን፣ የሌሎቹ ጉዳይ ለየአገሩ ውሳኔ ስለተተወ እውነተኛው ምርጫ የሚታየው እዚያ ነው።

በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት ብድር ነው፤ አበዳሪ የሚያየው ሂሳቡን ነውና። ኮምቦልቻ ውስጥ ሂሳቡን የምሠራለት አንድ የዱቄት ፋብሪካ ለረጅም ጊዜ የእርጅና ተቀናሽን (ንብረት በአገልግሎት ብዛት ከዋጋው በየዓመቱ የሚቀነስለትን) በግብር ሕጉ መጣኝ ብቻ ያሰላ ስለነበር፣ ወፍጮው በመዝገብ ላይ ዋጋው ሊያልቅ ምንም ባይቀረውም ዛሬም ሌት ተቀን ይፈጫል። ሙሉው አይኤፍአርኤስ የንብረቱ የአገልግሎት ዘመን ቢያንስ በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ እንዲከለስ ስለሚያዝ እንዲህ ያለው ክፍተት ይጠባል። ማሽን በዱቤ የሚልክ የውጭ አቅራቢ፣ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣ የባለቤቱን ጠባይ እንደሚያውቀው ነጋዴ አይደለምና፣ ከሂሳብ መግለጫው በቀር የሚያምነው ነገር የለውም።

የውጭ እናት ኩባንያ ያላቸው ድርጅቶችም ሂሳባቸው በቀላሉ እንዲጠቃለል፣ ድርሻ ለመሸጥ ያሰቡትም ገዢው በሚያውቀው ቋንቋ ለመቅረብ ይመርጡታል። ወጪው ግን ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች አጠር ያለ ደረጃ የወጣውም በከፊል ለዚሁ ነው። ከራሳቸው ገንዘብ በቀር የማይሠሩና ገመናቸውን ለተፎካካሪ መግለጥ የማይወዱ የቤተሰብ ድርጅቶች ባይገቡበት አልፈርድባቸውም።