«ማን እንደሆነ ሳላውቅ የቤቴን ጉድ እንዴት ልዘርግፍለት?»

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ናችሁ? ከድሬ ነው የምጽፍላችሁ፣ ሳቢያን። 29 ዓመቴ ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከተዝካሩ በኋላ ነው መሰለኝ የጀመረኝ፣ ባጃጅ ውስጥ ወይ ታይዋን ገበያ መሀል ሆኜ ድንገት ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ በቃ አሁን ልሞት ነው እላለሁ። ሆስፒታል ሄጄ የልብ ምርመራውም (ኢሲጂ) ደምም ታይቶ ምንም የለብሽም ተባልኩ። እናቴ ጸበል ግቢ ትለኛለች፣ ጓደኛዬ ደሞ ሐረር የሚሠራ አንድ ሳይኮቴራፒስት ጠቁማኛለች። ግን ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተማረ ሳላውቅ የቤቴን ጉድ እንዴት ልዘርግፍለት? ወሬ ብቻ ከሆነ ደሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋ ስንቅም አወራ የለ እንዴ? ድሬን ደሞ ታውቋታላችሁ፣ ከዚራ ያስነጠሰ ሰው ሳቢያን ላይ ይማርህ ይባላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር፣ መጽናናቱን ይስጥሽ። መጀመሪያ ልብሽን መታየትሽ በጣም ጥሩ አርገሻል፣ ጥሩ ቴራፒስትም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው። የነገርሽን ነገር ፓኒክ አታክ የሚባለውን፣ ድንገት የሚመጣውን ከባድ ፍርሃት ይመስላል፣ ግን በጽሑፍ ብቻ እሱ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም።

«ማን ነው?» ማለትሽን ወድጄዋለሁ። እኛ አገር ባለሙያን ምን ተማርክ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል እኮ፣ እኔ ግን መብትሽ ነው እላለሁ። ሳይኮቴራፒስት ማለት በንግግር የሚያክም ማለት ነው፣ ሳይካትሪስትም ሳይኮሎጂስትም ሊሆን ይችላል። ሳይካትሪስት የሚባለው ሐኪም ሆኖ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፣ በንግግርና በልምምድ ነው የሚሠራው። ከሳይኮሎጂስት ጋ ከሆነ የምትሄጂው በክሊኒካል ወይ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ እንዳለው፣ የሙያ ፈቃድ እንዳለው፣ እንደኔ ዓይነት ጭንቀት ይዞ ከመጣ ሰው ጋ ሠርተህ ታውቃለህ ወይ፣ በምን መንገድ ነው የምትሠራው ብለሽ ጠይቂው። ሳይቆጣ በሚገባሽ አማርኛ ካስረዳሽ ጥሩ ምልክት ነው። በአንድ ሴሽን አድንሻለሁ ካለሽ ግን ተነሽና ውጪ።

አሁን «ወሬ ብቻ ነው ወይ» ወዳልሽው ልምጣ። ካርል ሮጀርስ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ነበር፣ ሰው ሳይፈረድበት ከልብ ሲደመጥ ራሱ መለወጥ ይጀምራል ብሎ ያስተማረ፣ ዛሬ ቴራፒስት ሁሉ ማለት ይቻላል ከሱ የወሰደው ነገር አለ። ለፓኒክ ግን ማዳመጥ ብቻውን አይበቃም። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አሮን ቤክ የሚባል የአእምሮ ሐኪም የጀመረው መንገድ አለ፣ ዛሬ ሲቢቲ የሚባለው፣ ሐሳብንና ድርጊትን በመለወጥ የሚሠራው የንግግር ሕክምና የመጣው ከዛ ነው፣ ላንቺ ዓይነቱ ነገር በደንብ የተፈተነ ነው። እንዴት መሰለሽ፣ ባለፈው ባጃጅ ውስጥ ሲይዝሽ ከየት ጀመረ፣ ልብሽ ሲመታ በአእምሮሽ ምን መጣ፣ ከዛ ምን አረግሽ እያለ አንድ በአንድ ያስጽፍሻል። ልቤ መታ፣ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ፣ ፈራሁ፣ ፍርሃቱ ደሞ ልቤን ይበልጥ አስመታው፣ ዙሩ ይሄ ነው። ከዛ እዛው ቢሮው ውስጥ ሆን ብሎ ቶሎ ቶሎ ያስተነፍስሻል ወይ ደረጃ ያስሮጥሻል፣ ልብሽ ይመታል፣ እጅሽም ሊደነዝዝ ይችላል፣ እሱ አጠገብሽ ቁጭ ብሏል፣ ትጠብቂያለሽ፣ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ሰውነትሽ እንደማትሞቺ የሚያምነው እንደዚህ ደጋግሞ አይቶት ነው። ቀስ እያላችሁም ወደ ባጃጁና ወደ ታይዋን ትመለሻለሽ። አብዛኛው ጊዜ በሳምንት አንዴ ነው፣ 50 ደቂቃ ገደማ፣ ለጥቂት ወራት። ስለ አባትሽ የምታወሪበት ጊዜም ይኖራል፣ እሱ ሐዘን ነው፣ ሐዘን ደሞ አይቸኮልም።

ስለ ቅዳሜው በርጫ በግልጽ ልንገርሽ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምርቃናው ሲወርድ ደሞ ሰውን ድብት ያረገዋል፣ ላንቺ አሁን እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ለቴራፒስቱ ምን ያህል እንደምትቅሚ አትደብቂው፣ በዚህ ሊፈርድብሽ አይገባም።

ሐረር መሄዱ ከደንገጎ ዳገት ጋ ያደክማል፣ ግን ወሬውን ለፈራ ሰው ርቀቱ ራሱ እፎይታ ነው። ሚስጥር መጠበቅ ግዴታው ነው፣ ራስሽን ወይ ሌላ ሰውን ልትጎጂ ነው ብሎ ከሰጋ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘው በስተቀር። እነዚህን ገና መጀመሪያ ቀን ሊነግርሽ ይገባል፣ ካልነገረሽ ጠይቂው። መንገድ ላይ ብንገናኝስ ብለሽም ተነጋገሪ፣ ብዙዎቹ አንቺ ቀድመሽ ሰላም ካላልሽው እንዳላየ ያልፋሉ። ሦስት አራት ጊዜ ሄደሽ አይሰማኝም ካልሽ ደሞ ንገሪውና ቀይሪ፣ ቅር አይበልሽ፣ በመሀላችሁ መተማመን ከሌለ የትኛውም ዘዴ አይሠራም።

መኖር ያስጠላኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ ምናምን አትጠብቂ፣ እዛው ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል ዛሬውኑ ሂጂ።

እናትሽን ደሞ አታስከፊያት። ጸበሉንም ግቢ፣ ቴራፒውንም ጀምሪ፣ አይጣሉም። ጸበል ተይ የሚልሽ ቴራፒስት ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ።