ሰይጣኑ ሁለት ልጅ ይዞ ፍርሃቱ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ፣ ደህና ነህ ወይ። ባለፈው ቅዳሜ እንደ እድል ሆኖ መብራት ስለነበረ ከአክስቴ ልጆች ጋ ሰብሰብ ብለን ሰይጣን የያዛት ልጅን የሚያሳየውን የኤክሶርሲስት ፊልም አዲሱን፣ ቢሊቨር የሚባለውን አየን። እኔ የድሮውን ካየሁ በኋላ ሳምንት ሙሉ ማታ ሽንት ቤት ብቻዬን መውጣት አቅቶኝ ስለነበር አሁንማ አለቀልን ብዬ ነበር፣ ግን ምንም! አክስቴ እንኳ ጋቢዋን ተከናንባ ትንሽ አየችና "ይሄ ምኑ ነው ሰይጣን፣ ፃድቃኔ ሄዳችሁ አታዩም" ብላ ተነስታ ተኛች። አንድ ልጅ ላይ እንደዛ ካስፈራ ሁለት ልጅ ሲይዝ እጥፍ ማስፈራት አልነበረበትም? ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ? (ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

መልስ፦ አክስትህ ጨርሳዋለች፣ ግን አምዱን ባዶ መተው ስለማይቻል ትንሽ ልጨምርበት።

የድሮውን፣ በፈረንጆቹ 1973 የወጣውን፣ እስቲ አስታውሰው። ቄስ እስኪጠራ ድረስ ፊልሙ ገና ሰይጣን ነው ብሎ አይቸኩልም፣ እናትየዋ ልጇን ሀኪም ቤት ለሀኪም ቤት ነው የምታንከራትታት፣ ራጅ፣ ምርመራ፣ ምናምን። ያቺ አንገቷን በመርፌ ወግተዋት ደሙ ፊን የሚልበት ቦታ አለች አይደል፣ እኔን ከአልጋው መንቀጥቀጥ በላይ ያስጨነቀችኝ እሷ ናት። በመጨረሻ ቄስ ብትሞክሪ ይሻላል የሚሏት ራሳቸው ሀኪሞቹ ናቸው። ይሄን መንገድ እኛ ሰፈር የማያውቀው የለም፣ ፃድቃኔ ማርያም ወይ ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄደው ቤተሰብ ስንቱ ነው የላቦራቶሪ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣው። እኔ አንዴ ፃድቃኔ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነበሩ፣ ቢጫ ጄሪካን ጉልበታቸው መሀል ይዘው፣ ልጃቸው ስትጮህ ምንም አይሉም፣ ዝም ስትል ነበር ዞር ብለው በድንጋጤ የሚያይዋት። አዲሱ ፊልም ውስጥ እንደዛ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው አጣሁ በቃ።

ምክንያቱም ጊዜ የለውማ። ሁለቱ ልጆች ጫካ ገብተው ሦስት ቀን ይጠፋሉ፣ ይገኛሉ፣ ፊታቸው ይበላሻል፣ ከዛ የተለያየ እምነት ያለው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በየተራ ይፀልያል፣ እድር ስብሰባ ነው የሚመስለው። ካቶሊኩ ቄስ ዘግይቶ ደርሶ አንገቱ ተጠምዞ ይሞታል፣ ማን እንደነበር እንኳ ሳናውቀው። የድሮው ቄስ ካራስ ግን እምነቱ የተናወጠ፣ እናቱ ብቻዋን የሞተችበት ሰው ነበር፣ ሰይጣኑም የሚገባው በዛች ቁስል ነው። ስለዚህ የቁጥር ጉዳይ አይደለም፣ ሁለት ልጅ ተይዞ የአንዷንም ቤተሰብ በደንብ ካላወቅናቸው ለማን ብለን ነው የምንፈራው? አባቶቹን አንዷን ምረጡ የሚላቸው ነገርማ ጥሩ ሀሳብ ነበር፣ ግን ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው ትዝ ያላቸው።

በጣም ያናደደኝ ደግሞ ኤለን በርስቲን ናት። የድሮዋን እናት ከ50 ዓመት በኋላ መልሰው አምጥተው፣ ወዲያው አይኗን አስወግተው ሆስፒታል አልጋ ላይ አስተኟት። መንዝ አድሮ ባና አለመደረብ ነው ይሄ።

ብርድ ካነሳን፣ የድሮው ዳይሬክተር ፍሪድኪን የልጅቷን መኝታ ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ በማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች አውርዶ ነው የቀረፀው፣ የቄሶቹ ትንፋሽ እንዲታይ ብሎ። ተዋናዮቹ የሚንቀጠቀጡት የእውነት ነው። አንተ ኅዳር ላይ በጠዋት ታክሲ ስትጠብቅ ከአፍህ የሚወጣውን ጉም ያን ጊዜ በብዙ ብር አሠሩት ማለት ነው። አሁን ግን ብሩ የሄደው ሌላ ቦታ ነው፣ ሦስት ፊልም ለመሥራት ለመብቱ ብቻ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ ተብሎ ተወራ፣ የመጀመሪያው እንዲህ ሲሆን ቀጣዩ ለ2025 ተይዞለት ከነበረው ቀን ወረደ፣ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ጎርደን ግሪንም ለቀቀ፣ ነገሩ ለሌላ ዳይሬክተር፣ ለማይክ ፍላናጋን ተሰጠ።

በነገራችን ላይ ኤክሶርሲስት ተከታይ ፊልም ሠርቶ ሲያሳፍር የመጀመሪያው አይደለም። የ1977ቱ ሁለተኛው ክፍል ወጥቶ ሰው ሲኒማ ቤት ውስጥ ስቆበታል። የሚገርምህ ከፊሉ እኛ ሀገር ሊቀረፅ ታስቦ ነበር፣ አልሆነም፣ ካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ግቢ ውስጥ ሠሩት። ሰይጣን የያዘውን አፍሪካዊ ልጅ ስሙን ኮኩሞ አሉት፣ የዮሩባ ስም ነው፣ ናይጄሪያ እኮ ነው! ማንን እንደጠየቁ እንጃ።

ይልቅ የ1990ውን ሦስተኛውን ፈልግ፣ መጽሐፉን የጻፈው ብላቲ ራሱ ነው ዳይሬክት ያደረገው። አንድ የሆስፒታል ኮሪደር አለ፣ ካሜራው ከሩቅ ቆሞ ነርሷ ወዲህ ወዲያ ስትል ብቻ ያሳይሃል፣ ለረጅም ጊዜ ምንም አይፈጠርም። አክስትህን አጠገብህ አስቀምጣትና እዛ ቦታ ስትደርሱ ቲቪውን ትተህ እሷን እያት፣ ጋቢዋን ፊቷ ላይ ከሳበች ጻፍልኝ።