መልስ፦ ኡርሱላውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሴቶች ማኅበር የመሠረተችው ኡርሱላ ናት ወይስ አንጄላ?

አንጄላ ሜሪቺ ናት። ቅድስት ኡርሱላ ጠባቂያቸው እንጂ መሥራቻቸው አይደለችም፤ በትውፊት እንኳ ከአንጄላ ከሺህ ዓመት በላይ ትቀድማለች።

«ገዳም ሳይኖራቸው እንዴት ማኅበር ሆኑ?» ላልሽው፣ የታሪኩ ጣዕም ያለው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1535፣ ሰሜን ጣሊያን፣ ብሬሻ ከተማ ውስጥ 28 ያህል ሴቶች ከአንጄላ ጋር ተሰብስበው ማኅበሩን ጀመሩ። ከዚያ ምን አደረጉ? ወደየቤታቸው ሄዱ! አጥር የለ፣ የምንኩስና ልብስ የለ። ያኔ ለሴት ልጅ የሚታያት ወይ ባል ወይ ገዳም ነበር። እነሱ ግን ከቤተሰባቸው ጋር እየኖሩ፣ እየሠሩ፣ ራሳቸውን የክርስቶስ ሙሽራ አድርገው ሰጡ።

መንፈሳዊነታቸውን ባጭሩ መግለጽ ከፈለግሽ የአንጄላን ምክር ያዢ። ለኃላፊዎቹ፣ እያንዳንዷን ልጅ በልባችሁ ቅረጹ ትላለች፤ ስሟን ብቻ ሳይሆን ኑሮዋንና ጠባይዋንም ጭምር። ለአስተማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር እኔ አላየሁም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ ተማሪ እያለሁ «አንጄላ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች» ብዬ ጽፌ መምህሬ በቀይ ሰርዞብኛል። መምህሬ ልክ ነበር። አንጄላ በ1540 ነው ያረፈችው። ማስተማሩ ዋና ሥራቸው እየሆነ የመጣው ከእሷ በኋላ ነው፤ የፓሪሶቹ ኡርሱላውያን በ1612 ዝግ ገዳም ሲሆኑ፣ ከተለመዱት ሦስት የምንኩስና መሐላዎች (ድህነት፣ ንጽሕና፣ መታዘዝ) በተጨማሪ ልጃገረዶችን ማስተማርን አራተኛ መሐላ አደረጉት። ኩቤክ (የዛሬዋ ካናዳ) የደረሱት ደግሞ በ1639 ነው።