አዲሷ አስተባባሪ ራሷን ስታስተዋውቅ

ጥያቄ፦ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተመርቄ ሁለት ዓመት በአንድ ቡና ላኪ መጋዘን በመዝጋቢነት ሠርቻለሁ። አሁን በክልሉ በሚሠራ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት፣ በጅማ ዞን የደን ቡናና የወንዝ ዳር ጥበቃ ፕሮጀክት አስተባባሪ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና ለማኅበራት የሚላክ የአንድ ገጽ ማስተዋወቂያ እንድጽፍ፣ ሰኞ ደግሞ ጌራ በሚደረግ ስብሰባ ላይ እንድናገር አዘውኛል። ረቂቁን ልኬልዎታለሁ። ልምዴ ትንሽ ስለሆነ አፍሬያለሁ፤ ምን ልጨምርበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አትጨምሪ፤ ቀንሺ። ረቂቅሽ «ለዘላቂ ልማት ከፍተኛ ተነሳሽነትና ቁርጠኝነት ያላት ባለሙያ» ብሎ ይጀምራል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይህን ዓረፍተ ነገር በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያነቡት እግዜር ይወቀው። ማስረጃሽን ቀጣሪሽ አይቶታል። ደብዳቤው የሚደርሳቸው ሰዎች ማወቅ የሚፈልጉት በምን ጉዳይ እንደሚደውሉልሽ ነው። በምን ጉዳይ ቢደውሉልሽ እንደማትረጃቸውም ይወቁት።

ስለዚህ እንዲህ ጀምሪ፦ «ከዚህ ወር ጀምሮ የችግኝ ርክክብ፣ የሥልጠና ቀጠሮና የመስክ ሪፖርት የሚመለከቱት እኔን ነው። በጀት የማጽደቅ ሥልጣን የለኝም፤ ጥያቄውን ተቀብዬ መልሱን በጽሑፍ አደርሳለሁ።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳትሰርዢው። አስተባባሪ በግብርና ባለሙያውም፣ በኅብረት ሥራ ማኅበሩም፣ በልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ላይ አዛዥ ሳይሆን የሁሉም ሥራ እንዲገጥም የሚሯሯጥ ሰው ነው። ይህን ካልነገርሻቸው በሁለት ወር ውስጥ የሌለሽን ሥልጣን ይጠይቁሻል።

የመጋዘኑን ሥራ ከረቂቁ ማውጣትሽ ግን አስቆጥቶኛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ መመዝገብ አለበት፤ ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ የማሳው ወሰን ዙሪያውን ሁሉ። ጆንያን ከወረቀት፣ ወረቀትን ከአምራች ጋር ስታስታርቂ ሁለት ዓመት የቆየሽ አንቺ ነሽ! የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ መልሺው።

የቀድሞውን አስተባባሪም በስማቸው አመስግኚ። ከዚያ በፊት ግን ቃል ገብተው ያልፈጸሙትን ነገር ሁሉ ጠይቀሽ በደብተርሽ ያዢ። እኔ ወጣት ሳለሁ ሊሙ ውስጥ በአንድ ቀበሌ ስብሰባ ስለ ዲግሪዬና ስለ ፕሮጀክቱ ዓላማ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። ስጨርስ አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ አምና የቀሩብን ችግኞች ከአንተ ጋር ናቸው?» አሉኝ። ስለ የትኞቹ ችግኞች እንደሚያወሩ እንኳን አላውቅም ነበር።

ሰኞ በአፋን ኦሮሞ ተናገሪ፤ ከሦስት ደቂቃም አትለፊ። አዛውንቶቹ በ«አባ» የሚጀምር የክብር ስም ይኖራቸዋልና ቀድመሽ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጠይቂ። ስለ ደን ጥቅም እንዳትሰብኪ። እዚያው «በለጠ ጌራ» በሚባለው ደን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ የአሳታፊ ደን አስተዳደር፣ ማለትም ነዋሪው ራሱ ደኑን በጋራ የሚያስተዳድርበት ሥራ፣ ሲሠራ ቆይቷል፤ ፊትሽ የሚቀመጡት ሰዎች ብዙ አስተባባሪ ሸኝተዋል። ይልቅ ቀን ያለው አንድ ሥራ ንገሪያቸው። ለምሳሌ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ሥራ የሚጀምሩት ዝናቡ አልፎ ወንዙ መጉደል ሲጀምር ስለሆነ ፍሳሹ የሚከፋው ያኔ ነው። «መስከረም ሳያልቅ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶቹን ከእናንተ ጋር ዞሬ አያለሁ» ማለት ይበቃል፤ ሥራ አስኪያጅሽ ከተስማሙበት ብቻ ነው ታዲያ።

የምረቃ ጋውን የለበስሽበትን ፎቶግራፍ ከረቂቁ አውጪው። ስልክ ቁጥርሽንም ከገጹ ግርጌ አውጥተሽ ከስምሽ ቀጥሎ አድርጊው፤ ደብዳቤው በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ታችኛው ጫፍ በሌላ ማስታወቂያ ይሸፈናል።