ፓፍ ከጀመረ አይለቀውም?

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ማታ ማታ ሳል አያስተኛውም። ኅዳር 12 የሰፈሩ ቆሻሻ ሲቃጠል አፍኖት ሳንተኛ አደርን። ጤና ጣቢያ ሁለት የአስም ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ታዘዘለት፤ አንዱ ሲያፍነው፣ አንዱ በየቀኑ። ጎረቤቶቼ «ከጀመረ አይለቀውም» አሉኝ። በሽሮፑ ብንቀጥልስ?
እናት፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ሥራ ስጀምር ሽሮፕ ነበር የማዝዘው። እናትም ደስ ይላታል፣ ወረፋውም ቶሎ ይሄዳል። ግን ሒሳቡን እዪው። 5 ሚሊ ሊትር የሳልቡታሞል ሽሮፕ 2 ሚሊግራም መድኃኒት አለው። የሳልቡታሞል ፓፍ አንዴ ሲጫን፣ አንድ ፓፍ የምንለው፣ 0.1 ሚሊግራም ነው። አንዷ ማንኪያ የ20 ፓፍ ያህል ናት፤ ያውም በሆድ ዞራ ነው ሳንባ የምትደርሰው። ከሽሮፑ በኋላ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ልቡ ሲደልቅ አላየሽም?

ፓፍ ሱስ አያስይዝም። የየቀኑ ብዙውን ጊዜ ቤክሎሜታሶን ነው። የአየር ቧንቧውን እብጠት ቀስ እያለ ያበርዳል፤ ተሻለው ብለሽ ብታቆሚው እብጠቱ ይመለሳል። ሰው ታዲያ «ለመደ» ይላል። ይህኛው ሲያፍነው ቶሎ አያስተነፍስም፤ ለዚያ የሳልቡታሞሉ ፓፍ አለ። በቀለም አትመኚ፣ ካርቶኑን አንብቢ። ከቤክሎሜታሶን በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ።

አሁን ዋናው ነገር። ፓፉን በቀጥታ አፉ ውስጥ ብትነፊለት አብዛኛው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በሳሙና ውኃ እጠቢ፣ ውስጡን ሳታሺ በአየር ይድረቅ። ከታች በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ብሺው፤ ፓፉን ሰክተሽ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊ። ልጁ የሃይላንዱን አፍ በከንፈሩ ግጥም አድርጎ ይያዝ። ፓፉን ነቅንቀሽ አንዴ ተጫኚ፣ እሱ ቀስ ብሎ 5 ጊዜ ይተንፍስ። ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ተጫኚ። አከታትለሽ አትጫኚ! የድሃ ዘዴ ነው ብለሽ አትናቂው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በልጆች ላይ ተሞክሮ ከሚሸጠው እኩል ሠርቷል።

እንጀራ ስትጋግሪ ልጁ ከማድ ቤት ይውጣ። ዕጣኑንም ቀንሺ፤ ቡና ያለ ዕጣን እንደማይጥምሽ ባውቅም።

መናገር ካቃተው፣ ሲተነፍስ ጎድኑ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ጠዋትን አትጠብቂ። ባጃጅ ጥሪና ሆስፒታል ውሰጂው። ሃይላንዱንም ያዢ፤ እስክትደርሱ በየ20 ደቂቃው ሳልቡታሞሉን 4 ፓፍ፣ አንድ በአንድ ስጪው።